በመንገድ ላይ የሚያልቅ መድኃኒት

አቡ ሐሊፋ ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ፣ የፈጅር አዛን ተሰምቶ ባሕሩ ከሰማዩ መለየት ሲጀምር፣ በሌላው የኩዌት ጫፍ መድኃኒት ለመቀመም የሚነሡ ባለሙያዎች አሉ። የሚቀምሙት መድኃኒት ግን በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ገዢ የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም። ከተሠራበት ቅጽበት አንሥቶ በራሱ ጊዜ ይሟሟል፤ ማቀዝቀዣም ሆነ ብርቱ ክዳን አያድነውም። አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሲሞላው ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ሌላ አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሲያልፍ ከግማሹም ግማሹ ይሄዳል። በማለዳ የተሠራው ለመግሪብ ሲደርስ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ቢተርፈው ነው።

ይህ መድኃኒት ኤፍ ዲ ጂ በሚል አጭር ስም ይታወቃል። በመሠረቱ ስኳር ነው፤ ይሁንና በስኳሩ አካል ላይ ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተለጥፎበታል። በደም ሥር ሲሰጥ በሽታን አያድንም፤ ሕመምንም አያስታግስም። ሥራው ዳና መከተል ነው። ስኳር ወደሚሄድበት የሰውነት ክፍል ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ስኳር በብዛት በሚበላበት ቦታም ይከማቻል፤ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ጨረር ይልካል። ፔት ስካን የተባለው መሣሪያ ያንን ጨረር ተቀብሎ ወደ ምስል ይለውጠዋል። ራጅ የአጥንትን ቅርጽ ሲያሳይ፣ ሲቲ ስካን ደግሞ የአካል ክፍሎችን መልክና ልክ ሲያሳይ፣ ይህኛው ምርመራ የሚያሳየው የአካል ክፍሉ ምን እየሠራ እንደሆነ ነው። ካንሰር ስኳርን በብዛት የሚበላ ሕመም በመሆኑ ሐኪሞች ሥርጭቱን የሚከታተሉት በዚሁ መንገድ ነው።

የዚህ ዘዴ ጅማሮ በአንድ የእራት ገበታ ዙሪያ እንደሆነ ይተረካል። የሃንጋሪ ተወላጁ ጆርጅ ደ ሄቬሲ እ.ኤ.አ. በ1911 አካባቢ በእንግሊዝ ማንቸስተር ሲኖር፣ የቤት አከራዩ የትናንቱን ትራፊ ምግብ እያደሰች እንደምታቀርብለት ይጠረጥር ነበር። አንድ ቀን በተረፈው ምግብ ላይ ጥቂት ጨረር አመንጪ ቅመም ይጨምርበታል። ከቀናት በኋላ የቀረበለትን ገበታ በመሣሪያ ሲመረምር ጨረሩን አገኘው። አከራዩዋ ተያዘች። ቀልድ የሚመስለው ይህ ነገር ቁም ነገር ነበረው፤ ጥቂት ምልክት ያለበትን ነገር ከብዙ ተመሳሳዩ ጋር ቀላቅሎ በመልቀቅ፣ ብዙው የሄደበትን መንገድ ማወቅ ይቻላል። ሄቬሲ ይህንኑ ሐሳብ አዳብሮ እ.ኤ.አ. የ1943ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ኤፍ ዲ ጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠውም ከሰዓት ጋር በተደረገ እሽቅድምድም ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 መድኃኒቱ በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተሠራ፤ በሥራው ውስጥ ጃፓናዊው ኬሚስት ታትሱኦ ኢዶ ይገኝበታል። የሚመረመሩት ሁለት ጤነኛ ፈቃደኞች ግን ፊላዴልፊያ በሚገኘው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቁ ነበር። በመካከሉ ያለውን መንገድ በመኪና መሄድ መድኃኒቱን በመንገድ ላይ ማፍሰስ ስለነበር በትንሽ አውሮፕላን ተወሰደ። መድኃኒቱን የሰጡት ዶክተር አባስ ዐለዊ በኢራን ታብሪዝ ተወልደው በቴህራን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩ ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የካንሰር ሕመምተኞች የሚተኙበት ፔት ስካን መነሻው ያች አጭር በረራ ናት።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ለድሃም ለሀብታምም ሀገር አንድ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራበት ቦታ ከታማሚው ርቆ ከሆነ፣ መሣሪያው ቢገዛም ምርመራው የለም።

ኩዌት ይህንን ርቀት አሳጥራለች። በሹወይኽ በሚገኘው የሳባሕ የሕክምና አካባቢ የኩዌት የካንሰር መቆጣጠሪያ ማዕከልና በሼኽ ጃቢር አል-አሕመድ ስም የተሰየመው የኒውክለር ሕክምናና የሞለኪውል ምስል ማዕከል ይገኛሉ፤ ሀገሪቱም የራሷ ሳይክሎትሮን አላት። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ በዚህ ረገድ ቀድሞ የጀመረው በሪያድ የሚገኘው የንጉሥ ፈይሰል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የምርምር ማዕከል ሲሆን፣ ሳይክሎትሮኑ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል።

ሳይክሎትሮን ምንድን ነው ቢባል፣ ፕሮቶን የተባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮችን በብርቱ ማግኔት መካከል ክብ በክብ እያሽከረከረ ፍጥነታቸውን የሚጨምር መሣሪያ ነው። ፕሮቶኖቹ በቂ ፍጥነት ሲያገኙ ኦክስጅን 18 ወደተባለው የተለየ ኦክስጅን ወደበዛበት ጥቂት ውሃ ይወረወራሉ። የውሃው መጠን ከሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ድብደባ ከኦክስጅኑ ጥቂቱ ወደ ፍሎሪን 18 ይለወጣል። የተገኘው ፍሎሪን በቀጭን ቱቦ አልፎ በእርሳስ ግድግዳ ወደታጠረ ሳጥን ይገባና ያለ ሰው እጅ፣ በራሱ በሚሠራ መሣሪያ ከስኳሩ ጋር ይዋሐዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ይህን ጸሐፊ ከሁሉ በላይ ያስደንቀዋል። መድኃኒቱ ከመውጣቱ በፊት መፈተሽ አለበት። ጥራቱ፣ አሲዳማነቱ፣ በሥራው ወቅት የገቡት ኬሚካሎች መወገዳቸው፣ ትኩሳት የሚያመጣ የባክቴሪያ ቅሪት አለመኖሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ይሁንና ሕያው ጀርም ጨርሶ አለመኖሩን የሚያረጋግጠው ፍተሻ ናሙናውን ለ14 ቀናት አስቀምጦ መጠበቅ ይጠይቃል። መድኃኒቱ 14 ቀን ቀርቶ 14 ሰዓትም አይጠብቅም። ስለዚህ ባለሙያው ያጣራበት ማጣሪያ አለመቀደዱን ፈትሾ፣ የአሠራሩን ንጽሕና ተማምኖ፣ ፈርሞ ይለቀዋል። የመጨረሻው የፍተሻ ውጤት የሚመጣው መድኃኒቱ የተሰጣት ታማሚ ወደ ቤቷ ከሄደች፣ ምናልባትም የሐኪሟን ውሳኔ ከሰማች በኋላ ነው። እንዲህ ያለ እምነት የሚገነባው በአንድ ቀን ሥልጠና አይደለም።

የሠለጠነ ሰው ጉዳይ ደግሞ ወደ ጃብሪያ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የኩዌት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ራሱን የቻለ የኒውክለር ሕክምና ትምህርት ክፍል ያለው ሲሆን፣ ከጎኑ ያለው የሙባረክ አል-ከቢር ሆስፒታል የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ነው። በዚህ ክፍል ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ዐብዱልሐሚድ ኤልጋዛር እ.ኤ.አ. በ2001 ስፕሪንገር በተባለው አሳታሚ በኩል ያወጡት መጽሐፍ፣ በምስል ላይ የሚታየው ብርሃን በሰውነት ውስጥ ከሚካሄደው የበሽታ ሂደት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚያስረዳ ነው፤ በተደጋጋሚም ታርሞ ታትሟል። በ2004 ደግሞ በአጥንትና በመገጣጠሚያ ሕመሞች ላይ ያተኮረ ሌላ መጽሐፍ አሳትመዋል። የመጽሐፎቹን ዋና ሐሳብ ለተራ አንባቢ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ ብርሃን ያየ ሁሉ ካንሰር አየ ማለት አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ያበጠው ዕጢ ያበራል፤ ገና ያልዳነ ቁስል ያበራል፤ አንጎልና ልብ በጤንነታቸውም ያበራሉ። ምስሉን ማንሣት የመሣሪያ ሥራ ነው፤ ማንበብ ግን የሰው ሥራ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከዚህ ሕክምና ጋር የሚያስተዋውቀን ብዙ ጊዜ ካንሰር ሳይሆን እንቅርት ነው። በደጋው አገራችን አንገቷ ያበጠ እናት ያላየ ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ከ6 እስከ 12 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ላይ በተደረገና በ2007 በታተመ ሀገር አቀፍ ጥናት ከ10ሩ 4ቱ ገደማ እንቅርት እንዳለባቸው ታይቷል። ምክንያቱ በአፈሩና በውሃው ውስጥ አዮዲን ማነሱ ነው። መንግሥት በ2011 ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደውም ለዚህ ነው። ይሁንና በልጅነቱ አዮዲን ያጣ ሰው ጨው ስለተለወጠ ብቻ እብጠቱ ወዲያው አይጠፋም፤ እብጠቱን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሥራ ይመጣል።

የእንቅርት ዕጢ ምርመራ በአብዛኛው የሚደረገው ቴክኒሺየም 99 ኤም በተባለ ሌላ መከታተያ ነው። ዕጢው አዮዲን ሲያገኝ እንደሚስብ ሁሉ ይህንንም ይስባል። ከመርፌው በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ተጠብቆ አንገቱ ከካሜራው ሥር ይታያል። ከመጠን በላይ የሚሠራው እብጠት ደምቆ፣ የማይሠራው ደግሞ ጠቁሮ ይወጣል። የጠቆረው ይበልጥ መመርመር ያለበት ነው፤ ሆኖም አብዛኛው የጠቆረ እብጠት ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ ይህንን ሳያውቁ ወረቀቱን ብቻ አይተው የሚደነግጡ ብዙዎች ናቸው።

ቴክኒሺየም ከኤፍ ዲ ጂ ይልቅ ታጋሽ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ከዚህም በላይ እናት አለችው። ሞሊብዲነም 99 የተባለው ንጥረ ነገር፣ ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት ሆኖ፣ በየሰዓቱ ወደ ቴክኒሺየም ይለወጣል። ሞሊብዲነሙ በእርሳስ በተሸፈነ ትንሽ ሣጥን ተሞልቶ በአውሮፕላን ይላካል፤ በደረሰበት ሆስፒታል ጠዋት ጠዋት ጨው ያለበት ንጹሕ ውሃ እያሳለፉበት ቴክኒሺየሙን ይወስዳሉ። ባለሙያዎቹ በመላው ዓለም ሣጥኑን በቀልድ «ላም» ይሉታል፤ ሥራውንም «ማለብ»። የገጠር ልጅ የሆነ አንባቢ ወዲያው እንደሚገምተው፣ ላሟ ቀን በገፋ ቁጥር ወተቷ እየነጠፈ ይሄዳል፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ላም መምጣት አለባት።

የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የኒውክለር ሕክምና ክፍል እንዲህ ባለ በአየር በሚጫን አቅርቦት ላይ የሚመረኮዝ ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1997 የጨረር ሕክምና ሲጀምር፣ ሀገሪቱ ገና በ1957 አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ አልተለየውም። ይኸው ኤጀንሲ በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ የካንሰር ሕክምና ያወጣውን «የተስፋ ጨረሮች» የተሰኘ መርሐ ግብር ይፋ ያደረገው በአዲስ አበባ ነበር። መሣሪያ በእርዳታ ይገኛል፤ ሐኪምም ይሠለጥናል። ነገር ግን በዓለም ላይ ሞሊብዲነም የሚያመርቱት የኒውክለር ማብለያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በአፍሪካ ያለው የደቡብ አፍሪካው ሳፋሪ 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የካናዳው፣ በ2010 መጀመሪያ ደግሞ የኔዘርላንድሱ ማብለያ ለጥገና ሲቆሙ በበለጸጉት ሀገሮች ሳይቀር የታማሚዎች ቀጠሮ ተሰርዟል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በአይስላንድ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የአውሮፓ ሰማይ ሲዘጋ ላሞቹ በየአውሮፕላን ማረፊያው ቆመው ነጠፉ። ታዲያ ሣጥኑ በጉምሩክ ሁለት ቀን ቢያድር ማን ይጠየቃል? ሌላ ዕቃ ቢዘገይ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ይህ ግን የሚደርሰው ጎድሎ ነው።

በኩዌት ያለ ሰው በኤፍ ዲ ጂ ረገድ ይህ ሥጋት የለበትም። ያለበት ሥጋት ሌላ ነው፤ እርሱም ከመንገድና ከፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው።

በአቡ ሐሊፋ በአንድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችንን በሐሳባችን እናስቀድም። ሐኪም መርምሯት ወደ ሳባሕ ልኳታል፤ ቀጠሮዋ ለፔት ስካን ነው። ከቤቷ እስከዚያ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የፋሐሂል መንገድ ደግሞ በሥራ መግቢያ ሰዓት ምን እንደሚመስል የአካባቢው ነዋሪ ያውቀዋል። መኪናው የእርሷ አይደለም፤ ሰዓቱም የእርሷ አይደለም። ለእርሷ የተመጠነው መድኃኒት በማለዳ ተሠርቶ ስሟ ተጽፎበታል። ግማሽ ሰዓት ብትዘገይ ከመቶ 17 እጅ ያህሉ በጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ጠፍቷል፤ አንድ ሰዓት ብትዘገይ ከ30 በመቶ በላይ። በሌላ ምርመራ መዘግየት ተራ መጠበቅ ነው፤ በዚህኛው ግን የዚያ ቀን ዕድል ሊያመልጥ ይችላል። ይህንን ለማዳምም ሆነ ለሹፌሩ ከቀጠሮው ቀን በፊት ማስረዳት ተገቢ ነው።

ሰዓት ከማክበር የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። ከምርመራው በፊት ባለው አንድ ቀን ብርቱ የጉልበት ሥራ መሥራት አይገባም። ምንጣፍ ያጠበ፣ ደረጃ የወለወለ፣ ከባድ ዕቃ ያነሣ ጡንቻ ስኳር ይፈልጋል፤ መድኃኒቱም ወደ ጡንቻው ይሄዳል፤ ምስሉ ክንድና ትከሻን አድምቆ መታየት ያለበትን ይሸፍናል። ለቢሮ ሠራተኛ «ስፖርት አትሥሩ» ብሎ የሚቀርበው ምክር ለቤት ሠራተኛ «የዕረፍት ቀን ይሰጥሽ» ማለት ነው። ይህንንም ከራሷ አፍ ከምትናገረው ይልቅ ሐኪሙ በወረቀት ቢጽፈው ይደመጣል። ብርድም እንዲሁ ነው፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ በአንገትና በትከሻ አካባቢ ያለው ቡናማ ስብ ስኳር እያነደደ ሙቀት ስለሚያወጣ በምስሉ ላይ ያበራል። በኩዌት በጋ ብርድ የሚገኘው በኤሲ ነውና፣ ወፍራም ልብስ ይዞ መሄድ አያስቅም። መርፌው ከተሰጠ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ገደማ ደግሞ ጋደም ብሎ ዝም ማለት ነው፤ ማስቲካ ማኘክና በስልክ ማውራት የመንጋጋንና የጉሮሮን ጡንቻ ያበራሉ።

ከምርመራው በፊት ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ምግብ አይበላም። የደም ስኳር ከፍ ካለ መድኃኒቱ ቦታ ያጣል፤ የስኳር ሕመም በስፋት በሚታይበት በዚህ አገር ቀጠሯቸው የሚለወጥባቸው ታማሚዎች የሚኖሩትም ስለዚህ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ ከማቋረጥ ይልቅ ቀጠሮ ሲይዝ መጠየቅ ይኖርበታል።

በረመዷን ቀጠሮ የደረሰው ጾመኛ ከምግብ አንጻር ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። ስለ መርፌው ለሚነሣው ጥያቄ ደግሞ መቀመጫውን ጅዳ ያደረገው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው፣ በቁጥር 93 ውሳኔው፣ በምግብነት ከሚሰጡ ፈሳሾች በቀር በቆዳ፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር የሚሰጡ የሕክምና መርፌዎች ጾምን ከሚያፈርሱ ነገሮች እንደማይቆጠሩ ገልጿል። የኤፍ ዲ ጂ መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለሰውነት ምግብ አይሆንም። አስቸጋሪው ውሃው ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት በሽንት እንዲወጣና ፊኛው ላይ ተከማችቶ ምስሉን እንዳይሸፍን ታማሚው ከምርመራው በፊትና በኋላ በርከት ያለ ውሃ እንዲጠጣ ይታዘዛል። ስለዚህ ወይ ቀጠሮው ከረመዷን ውጭ እንዲሆን ሐኪሙን መጠየቅ፣ ካልሆነም ለታመመ ሰው የተፈቀደውን ተቀብሎ ቀኑን በሌላ ቀን መክፈል ነው፤ ዝርዝሩን ከሚያምኑት ዓሊም ጋር መነጋገር ይቻላል። ውሃውን በድብቅ መተው ግን የሚጎዳው ራስን ነው።

ከመርፌው በፊት ለሴቶች ሁሉ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርግዝና አለ ወይ? ጡትስ ታጠቢያለሽ ወይ? ጥያቄው ማንንም ለመጠርጠር ሳይሆን ፅንሱንና ሕፃኑን ከጨረር ለመጠበቅ ነው። በአሠሪዋ ወይም በአስተርጓሚ ፊት መመለስ የሚከብዳት ሴት ከነርሷ ጋር ለብቻዋ መነጋገር እንደምትፈልግ ብትናገር አሳፋሪ አይደለም።

በቅጹ ላይ ብዙ ጊዜ የማይገኘውን ጥያቄ ደግሞ ራሷ ማንሣት ይኖርባታል። «የራስሽ ልጅ አለሽ?» ሲሏት «የለኝም» ብላ ልታልፍ ትችላለች፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የማዳምን ሕፃን በጀርባዋና በእቅፏ የምትይዘው እርሷ ናት። ከኤፍ ዲ ጂ በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ሕፃንን ለረጅም ጊዜ አቅፎ አለመቆየት፣ ከነፍሰ ጡርም ራቅ ማለት ይመከራል። ለእንቅርት ሕክምና ሲባል አዮዲን 131 የጠጣች ከሆነ ግን ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ስለሆነ የሰዓት ሳይሆን የቀናት ጉዳይ ነው። ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን እንደሆነ የሚወስነው የሕክምና ክፍሉ ነው። «ሞግዚት ነኝ» ብላ መናገር፣ መመሪያውንም በወረቀት መጠየቅ የእርሷ ድርሻ ነው። ወረቀቱ በዐረብኛ እንዲጻፍላት ትጠይቅ፤ ማዳም የምታነበው እርሱን ነውና።